ሐይቁ የተገለበጠበት ታኅሣሥ

ባለፈው ሰኔ በጡረታ ስሰናበት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ከዚያም ደስ ይበላት ብለው አዲስ የመጣውን የውሃ መለኪያ አሳዩኝ። አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። በቀጭን ገመድ ወደ ጉድጓድ ስትወርድ የውሃውን ሙቀትም፣ ጨውም፣ በውስጡ ያለውን አየርም እየለካች ትሄዳለች፤ ቁጥሩ ወዲያው ስልክ ላይ ይታያል። "እማማ ስንዱ፣ በእናንተ ጊዜ ይሄ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ ግን አቶ ገረመው ትዝ አሉኝና ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፊ እያሉ ልጆቼ ሲወተውቱኝ ከርመዋል። ብጽፍ ስለ እሳቸው ነው የምጽፈው።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፣ በደርግ ጊዜ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ አጭር ኮርስ ወስጄ፣ በአውራጃው የውሃ ጽሕፈት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ሆንሁ። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ ነበር። ሪፖርቱ በየወሩ በሦስት ቅጂ ይጻፋል፤ ማን እንደሚያነበው አናውቅም። ኃላፊያችን ጓድ ላቀ ይባሉ ነበር። ቁጡ ናቸው፤ ግን ተቆጥተው ሲጨርሱ ሻይ የሚጋብዙ ሰው ነበሩ። እኔን የወደዱኝ አገውኛ ስለምችል ነው። ገጠር ስንወርድ ከአርሶ አደሩ ጋር የሚነጋገሩት በእኔ አፍ ነበር።

አቶ ገረመው የመጡት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠጉራቸው ቶሎ የሸበተ ሰው ናቸው። ትምህርታቸውን የተማሩት በሶቪየት ኅብረት ሰሜን ጫፍ፣ ባሕሩ የዓመቱን ግማሽ በረዶ ሆኖ በሚከርምበት አገር ነው። በረዶውን እየሰረሰሩ ከሥሩ ያለውን ውሃ ሲለኩ ብዙ ክረምት አሳልፈዋል። አገራቸው ሲመለሱ ቀይ ባሕር ዳር ተመደቡ። እዚያ የነበረው ሥራ በጦርነቱ ምክንያት ሲታጠፍ ደግሞ ወደ እኛ ተላኩ። የባሕር ሰው፣ ባሕር በሌለበት አገር። ጓድ ላቀ ሲያስተዋውቁን፣ "የበረዶ ባለሙያ ልከውልናል፤ እኛ ደግሞ በረዶ የምናየው ሰማይ ሲጥለው ነው" ብለው ቀለዱ። አቶ ገረመው ፈገግ አሉና የውሃ ናሙናዎቻችንን አንድ በአንድ እየከፈቱ ማሽተት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ልማዳቸው ይህ ነበር፤ ውሃን ከመለካታቸው በፊት ያሸቱታል። ሁለተኛው ደግሞ ቴርሞሜትር ሲያነቡ ትንፋሻቸውን ዋጥ ማድረግ ነው። እዚያ በበረዶው አገር ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ይረጋና ቁጥሩን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ የለመዱትን ዳንግላም፣ በጠራራ ፀሐይም አልተዉትም። ካነበቡ በኋላ ያዩትን ሳይነግሩኝ "አንቺ አንብቢ" ይላሉ። ቁጥራችን ካልገጠመ እንደገና እንለካለን። አንድም ቀን "አውቃለሁ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። "እስካሁን እንዳየነው" ነበር የሚሉት።

አንድ ቀን ስለ በረዶው ባሕር ጠየቅኋቸው። መልስ ከመስጠት ይልቅ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ውሃ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ስንዱ፣ ባሕር በረዶ ሲሆን ጨዉ የት የሚሄድ ይመስልሻል?"

"አብሮ ይረጋላ።"

"አይረጋም። በረዶ ጨው አይወድም። እየረጋ ሳለ ጨዉን ወደ ታች ይተፋዋል።"

ጨው በበዛበት ውሃ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረጉና ያንን በቀስታ ወደ ጠርሙሱ ጠብ ጠብ አደረጉት። ሰማያዊው እንደ ክር እየተሳበ ቁልቁል ወረደ፤ ወለሉን ነክቶ ተንጣለለ፤ ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ በዳር በዳር ወደ ላይ ወጣ።

"ያ ጨዋማ ውሃ ከባድ ነው። የብስ አጠገብ ያለው ባሕር ደግሞ ብዙም ጥልቅ ስላልሆነ እስከ ወለሉ ይደርሳል። እሱ ሲወርድ የታችኛው ቦታ ይለቅለታል፤ ወደ ላይ ይወጣል። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ሲገለባበጥ ይኖራል።"

"ነፋስ ሳይኖር?"

"ነፋስማ ከበረዶው በላይ ቀረ። አንዳንድ ቦታ በረዶውን ገፍቶ ባሕሩን ይከፍተዋል፤ የተከፈተው መልሶ ይረጋል፣ መልሶ ጨው ይተፋል፤ እዚያ ላይ ባሕሩ እንደሚማሰል ወጥ ነው። ቢሆንም የሚያማስለው ራሱ የሚወርደው ውሃ ነው። ከላይ ስታይው ጭጭ ያለ ሜዳ ይመስልሻል፤ ከሥሩ ግን ዕረፍት የለም። በበጋ በረዶው ሲቀልጥ ጨው የሌለው ቀላል ውሃ ከላይ ይተኛል። ያ ክዳን ይሆናል፤ የላይኛውና የታችኛው ውሃ አይገናኙም።"

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። እዚያ የጀመሩት ጥናት ሳያልቅ ነው የተጠሩት። መልሰው እንዲልኳቸው አመልክተው ነበር፤ መልስ አልመጣም፤ እሳቸውም ሁለተኛ አላነሡትም።

ሐይቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሰሜን ረሀቡ የበረታበት ዘመን ነበርና አውራጃው በየውሃው ዓሣ ይርባ አለ። ከቆሰበር ወጣ ብሎ ካሉት ክብ ሐይቆች አንዱ ተመረጠ። ዙሪያውን እንደ ድስት ከንፈር ገደል የከበበው፣ ጥልቅ፣ ዓሣ የሌለበት ሐይቅ ነው። ጓድ ላቀ አቶ ገረመውን ጠርተው "ውሃው ዓሣ ያኖራል ወይስ አያኖርም? አንድ ቃል ነው የምፈልገው" አሏቸው።

"አንድ ቃል ለማግኘት አንድ ብርድ ማለፍ አለበት" አሉ አቶ ገረመው። "ታኅሣሥንና ጥርን ሳላይ አልናገርም።"

ጓድ ላቀ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ኋላ ግን ፈቀዱ። ይህን ለእሳቸው ክብር ልናገርላቸው እወዳለሁ። ብዙ ሰው አስቸኩለው ነበር ይላል፤ አላስቸኮሉንም።

ታንኳ የሠራልን አያ ታደገ ነው። በቀርከሃ ሥራው ቆሰበር ድረስ የታወቀ፣ ጎልማሳ፣ ቁም ነገረኛ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከሐይቁ በላይ ነበር። ቀርከሃውን ጠፍሮ ሦስት ሰው የሚሸከም ታንኳ አወጣልን፤ የሚቀዝፍም እሱ ነው። ከሐይቁ መካከል አቶ ገረመው ሁለት አፍ ያላትን የነሐስ ዕቃ በገመድ ያወርዳሉ። ገመዱ በየሜትሩ በቀለም ክር ተቋጥሯል። የሚፈለገው ጥልቀት ላይ ስትደርስ በገመዱ ላይ ትንሽ ክብደት ይለቃሉ፤ ያ ክብደት ሄዶ ሲመታት ሁለቱም አፏ ይዘጋል፤ ከጎኗ ያለው ቴርሞሜትርም ተገልብጦ የዚያን ጥልቀት ሙቀት ይዞ ይወጣል። እኔ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ መድኃኒት ጠብ አደርግበታለሁ። ቡናማ ዝቃጭ ከያዘ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር አለበት። ነጭ ሆኖ ከቀረ የለበትም።

ከላይ ያለው ውሃ ቡናማ፣ ያማረ ቡናማ ሆነ። ወደ ታች ስንወርድ እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ በታች ነጭ። የታችኛው ውሃ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አያ ታደገ አፍንጫውን ይዞ፣ "ይሄ ከእግራችን ሥር ነበር እንዴ?" አለ።

"ነበር" አሉት አቶ ገረመው። "ከላይ ያለው በፀሐይ የሞቀው ውሃ ክዳን ሆኖበታል። ክዳኑ እስካለ ዓሣው ከላይ ይኖራል።"

"ክዳኑ ቢነሣስ?"

"እሱን ነው የምንጠብቀው።"

የሰፈሩን ሽማግሌዎች በአገውኛ ጠየቅሁ። ውሃው ተበላሽቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ አዎ፣ አንዱ በጭራሽ አለ። ዓሣ በሌለበት ሐይቅ ዓሣ ሲሞት ያየ ሰው ከየት ይመጣል።

ያ ታኅሣሥ ደመናማ ሆነ። ብርድ ነበር፤ ውርጭ ግን አልወረደም። በየሳምንቱ ለካን። የላዩና የታቹ ሙቀት ተቀራረበ፣ በጣም ተቀራረበ፣ ግን አልተገናኘም። ጥር አለቀ፤ ክዳኑ እንዳለ ቆየ። አቶ ገረመው ታንኳው ላይ ቆመው ገደሉን ዙሪያውን ቃኙና፣ "ይህ ገደል በረከት ነው። ነፋስ አያስገባም። ነፋስ ካልገባ የሚያማስለው የለም" አሉ። እኔም አመንሁ። ለጓድ ላቀ "እስካሁን እንዳየነው ያኖራል" ብለው ሪፖርት አደረጉ። በአውራጃው ስብሰባ ላይ "እስካሁን እንዳየነው" የሚለው ተቆርጦ "ያኖራል" የሚለው ብቻ ተነበበ።

ሚያዝያ ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩት ከጣና በበርሜል በጭነት መኪና መጣ። ገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ አድርጎ አያ ታደገን መረጠው። ሰውዬው ነገሩን እንደ ልጁ ያዘው። ጫጩቶቹ የሚከርሙበትን አጥር በሐይቁ ዳር በቀርከሃ ጠልፎ ሠራ፤ ጎረቤቶቹን እየለመነ አሠራ፤ ቀርከሃ የሚሸጥበትን ወራት ሁሉ እዚያ ዋለ። ዳንግላ ሲመጣ ስለ ዓሣ ብቻ ነው የሚያወራው። "ስንዱ፣ ድምፄን ለይተውታል፤ ስጠራቸው ይመጣሉ" ይለኛል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ደንታ የለውም። መስከረም ላይ መዳፍ ያህል ሆኑ። ጓድ ላቀም መጥተው አይተው፣ እጁን ጨብጠው ሄዱ።

በሁለተኛው ታኅሣሥ ሰማዩ ጠራ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ይሆን ነበር፤ የድንች ቅጠል ሁሉ ጠቆረ። እኛ ያን ጊዜ በሌላ ወረዳ ጉድጓድ ላይ ነበርን። አንድ ጠዋት ከቆሰበር ስልክ ተደወለ። አያ ታደገ ሰው ልኮ ነው። "ሐይቁ ሸተተ" ነበር መልእክቱ።

ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሽታው ገደሉ አፍ ላይ ተቀበለን። ውሃው ሰማያዊነቱን ጥሎ ደፍርሶ የከረመ ኩሬ መስሏል፤ ዳር ዳሩን ነጭ ነው፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ ያዞሩ ዓሦች። አያ ታደገ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በሁለት እጁ እያፈሰ ወደ ቅርጫት ይጨምራል። ለምን እንደሚለቅማቸው እሱም አያውቅ። ጎረቤቶቹ ከላይ ቆመዋል፤ ከብቶቻቸው አንጠጣም ብለው ይመለሳሉ።

አቶ ገረመው አያ ታደገን አልፈው በቀጥታ ወደ ታንኳው ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ነሐሷን አወረዱ። ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች። ሙቀቱ አንድ ነው። ጠርሙሶቼ ሁሉ ነጭ። ክዳኑ ተነሥቷል፤ በውርጩ የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ ከብዶ ወርዷል፤ የታችኛው መርዙን ይዞ ወጥቷል። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። የገደሉ ዛፎች ቅጠላቸው እንኳ አይነቃነቅም።

ዳር ስንደርስ አያ ታደገ ከውሃው ሳይወጣ ተመለከታቸው። እስከዚያ ቀን አቶ ገረመውን ከ"እርስዎ" ሌላ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

"አንተ" አላቸው፤ "እኔ እዚህ ቆሜ አሁንም በገመድህ ትለካለህ?"

አቶ ገረመው የተጠቀለለውን ገመድ መሬት ላይ አኖሩ።

"ውሃውን አውቀዋለሁ አላልክም?"

"እስካሁን እንዳየሁት ነበር ያልሁት" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። ከዚያ የባሰ መልስ አልነበረም። አያ ታደገ ጀርባውን ሰጣቸው።

ከዚያ የሆነው በዚያ ዘመን እንደሚሆነው ነው። "አሻጥር ነው" የሚሉ ተነሡ። አቶ ገረመው ታስረው ጥቂት ሳምንት ቆዩ። ጓድ ላቀ በስብሰባ ላይ "እኔ ነኝ የፈቀድሁት" ብለው ስለተከራከሩ ተፈቱ፤ ግን ከሙያቸው ተነሥተው የመጋዘን ኃላፊ ተደረጉ። እኔ ለምንጭ ግንባታ ሥራ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ተላክሁ። የሐይቁ ሥራ ተዘጋ። አያ ታደገ ደግሞ በሰፈሩ መሳቂያ ሆነ፤ ከብት ውሃ ፍለጋ ርቆ በተነዳ ቁጥር ስሙ ይነሣ ነበር።

ለዕቃ ወደ ዳንግላ ስመጣ መጋዘኑን አልፌ አልሄድም። አቶ ገረመው ቧንቧና ሲሚንቶ እየቆጠሩ ይሰጡኛል። ስለ ሐይቁ ያወሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

"ስንዱ፣ ነፋስ አይገባም ብዬ ነበር አይደል?"

"ብለው ነበር።"

"ከበረዶው ሥርም ነፋስ አልነበረም።"

ሌላ አልጨመሩም። ጠርሙሱና ሰማያዊው ቀለም ዓይኔ ላይ መጣ። ራሳቸው ያስተማሩኝ ነገር ነው። ጨው አይሁን እንጂ የሚወርድ ከባድ ውሃ ያው የሚወርድ ከባድ ውሃ ነው። እሳቸው አልታያቸውም፤ አጠገባቸው ለነበርሁት ለእኔም አልታየኝም። አንድ ደመናማ ታኅሣሥ አይተን ታኅሣሥን ሁሉ ያየን መሰለን።

አንድ ቀን እኔ እዚያው ሳለሁ አያ ታደገ ለምንጭ ሥራ ቧንቧ ሊወስድ ከገበሬ ማኅበሩ ተልኮ መጣ። አቶ ገረመው ሲያዩት ብድግ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ እኔን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ዘበኛውን ሰላም አለ፤ እሳቸውን አልፎ ቧንቧውን መሸከም ጀመረ። እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ። ከዚያ መልሰው ተቀምጠው መቁጠር ጀመሩ፤ ስንት እንደሆነ ግን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። በሳምንቱ ወደ አያ ታደገ ቤት ሄድሁ። ደጁ ላይ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። በአገውኛ አወራን።

"የመጣሽበትን ዐውቃለሁ" አለኝ። "ዓሣው አይደለም ያናደደኝ። ዓሣ ይሞታል። ሰውዬው አላየኝም። ሐዘን ላይ ተቀምጬ፣ አልፎኝ ሄዶ ገመድ ጣለ።"

"ያን ቀን ታንኳው ላይ አልነበርህም፤ እኔ ነበርሁ" አልሁት። "ቴርሞሜትር ሲያነቡ ትንፋሻቸውን ይውጡ እንደነበር ታስታውሳለህ?"

"ሁልጊዜ ነዋ።"

"ያን ቀን አልቻሉም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ተሸፈነ። ጠረጉት፣ እንደገና ሸፈኑት። ቁጥሩን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እያለቀሱ ነበር። ወደ አንተ ያልመጡት የሚሉህ ስላጡ ነው። ሌላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የሚያውቁትን አደረጉ።"

ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

መልስ አልጠበቀም። "ለቅዳሜ ገበያ ዳንግላ እወርዳለሁ" አለኝ። "ሳልፍ እገባለሁ።"

ረቡዕ ዕለት ዳንግላ ነበርሁ። አቶ ገረመው ጋር ገብቼ ሻይ ጠጣን። ደከም ብሏቸው ነበር። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን ዋጥሁት። አያ ታደገ ራሱ በር ላይ ቆሞ ሲያዩት ፊታቸው ላይ የሚሆነውን ማየት ፈለግሁ። ቅዳሜ ቅርብ ነው ብዬ ወደ ግምጃ ቤት ተመለስሁ።

ሐሙስ ዕለት ትእዛዝ መጣ። አሰብ ወደብ የባሕር ሙያ ያለው ሰው ባስቸኳይ ይፈለጋል ተባለ። ዓርብ ጠዋት በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ባሕር ተመለሱ ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም። መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ የተመለሱትን እየፈለግሁ ጠየቅሁ። አንዱ በሙቀቱ ታመው ዐረፉ አለኝ፤ አንዱ በጀልባ ተሻግረዋል አለኝ፤ አንዱ እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም አለኝ። አያ ታደገም ካረፈ ቆየ። እኔ በኋላ በአገኘሁት ዕቃ ሐይቁን አንዳንድ ዓመት ለክቻለሁ። ሰማዩ የጠራ ታኅሣሥ ይገለበጣል፤ ደመና የበዛበት ታኅሣሥ አይገለበጥም። ይህን የምነግረው ሰው አጥቼ ኖሬአለሁ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ፤ ዳንግላ የወረድሁት ትእዛዙን ሳልሰማ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ዘበኛው ነገረኝ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አያ ታደገ በጋሪ መጣ። ንጹሕ ልብስ ለብሷል። ጋሪው ላይ አንድ ጆንያ ድንችና አዲስ የቀርከሃ ወንበር አለ፤ መደገፊያው በጥሩ ተጠልፏል። ነገርሁት። ልጓሙን ጋሪው ላይ አሰረ።

"አሰብ ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው አያ።"

"መምጣቴን ሰምተው ነበር ወይ?"

ረቡዕ ያንን ሻይ ስጠጣ ቃሉን ዋጥ አድርጌ ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ።

"አዎ አያ ታደገ፤ ሰምተው ነበር" አልሁት።

"ምን አሉ?"

"'ይምጣልኝ፣ እጠብቀዋለሁ' አሉ።"

አንገቱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ድንቹን ለዘበኛው አወረደለት። ወንበሩን ግን ተሸክሞ መጋዘኑ ውስጥ ገባ፤ ከጠረጴዛው ኋላ አኖረው፤ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረውና ወጣ።